ብዕሩ የሚከተለው ሚዶውን ነው

አራት ኪሎ፣ ነሐሴ 14 ቀን

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ይህን ያህል ዓመት መጠፋፋታችን ያሳዝነኛል። ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅር በለኝ። ያ በወረቀት ላይ የሚጽፈው አሮጌ ኢንፍራሬድ ስፔክትሮፎቶሜትር (ናሙና ዓይን ከማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን የትኛውን ሞገድ እንደሚውጥ የሚለካው መሣሪያ) እናንተ ቤተ ሙከራ እንደገባና ተማሪዎችህን ልታሠራበት እንደሆነ ስሰማ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም። ይህን መሣሪያ የሚንቁት ብዙ ናቸው። እኔ ግን ለማስተማሪያ ከእሱ የሚሻል አላውቅም፤ ክዳኑ ሲነሣ ሥራው ሁሉ በዓይን ይታያል።

መጀመሪያ ለተማሪዎችህ የብርሃኑን መንገድ በጣትህ እየጠቆምክ አሳያቸው። ምንጩ ብዙ ጊዜ ግሎባር የሚባለው የሲሊኮን ካርባይድ ዘንግ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። መስታወቶች ከዚህ ምንጭ ሁለት ጨረር ያወጣሉ፦ አንዱ በናሙናው፣ ሌላው በባዶው ማጣቀሻ በኩል ያልፋል። ከዚያ ግማሽ ጎኑ ክፍት የሆነ የሚሽከረከር መስታወት ሁለቱን በየተራ ወደ ስሊቱ፣ ማለትም ወደ ጠባቡ ስንጥቅ፣ ይልካል። ብርሃኑን በየሞገዱ የሚለያየው ፕሪዝም ወይም ግሬቲንግ ቀስ እያለ ሲዞር ሞገዶቹ አንድ በአንድ ሙቀት የሚለካው ቴርሞካፕል ላይ ያርፋሉ።

አሁን ሚዶው ይመጣል። ሁለቱ ጨረሮች እኩል ከሆኑ ቴርሞካፕሉ የሚያየው ሙቀት አይለዋወጥም። ናሙናው አንዱን ሞገድ ሲውጥ ግን አንዱ ተራ ይደክማል፣ ሌላው ይበረታል፤ ከመስታወቱ ዙር ጋር የሚመታ ምልክት ይፈጠራል። አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላና ሞተር ያንቀሳቅሳል። ሞተሩ ጥርሱ እየሾለ የሚሄድ የብረት ሚዶ ወደ ማጣቀሻው ጨረር ይገፋል፤ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ይቆማል። ብዕሩ የታሰረው ከዚህ ሚዶ ጋር ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ያለው መስመር ሚዶው ምን ያህል እንደገባ ይነግርሃል፤ የመሣሪያው ጥንካሬም ድክመቱም ከዚሁ ይመነጫል። ጥንካሬው፣ የክፍሉ አየር ውስጥ ያለው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሁለቱም መንገድ ስላለ በአብዛኛው ይጣፋል፤ በወረቀቱ የሞገድ ቁጥር (በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ያሉ ሞገዶች ብዛት) 2350 አካባቢ መስመሩ ላይ ትንሽ ጥርስ ብቻ ብታይ አትደንግጥ።

ድክመቱ ብዕሩ ዜሮ ፐርሰንት አጠገብ ሲደርስ፣ ማለትም በናሙናው የሚያልፍ ብርሃን ሲጠፋ ነው። ናሙናው ሁሉን ሲውጥ ሚዶውም ሁሉን ይዘጋል፤ በሁለቱም በኩል ብርሃን የለም፣ ሞተሩን የሚነዳ ኃይልም የለም። ብዕሩ ባለበት ይደርቃል ወይም ወዲያ ወዲህ ይንሳፈፋል። መስመሩ ላይ ታቹ ጠፍጣፋ የሆነ ጉድጓድ ያመጣ ተማሪ ናሙናውን አቅጥኖ ይድገመው፤ ትልቁ ጉድጓድ ከ5 እስከ 10 ፐርሰንት ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው።

ጌይኑን፣ ማለትም የአምፕሊፋየሩን የማጉላት መጠን፣ በየጠዋቱ ፈትን። ብዕሩን 90 ፐርሰንት ላይ አቁመህ በወረቀት ጫፍ የናሙናውን ጨረር ጥቂት ጋርደው፤ ወደ 80 ሲወርድ ወረቀቱን መንጭቀህ አውጣ። ብዕሩ 90ን በአንድ ፐርሰንት ያህል አልፎ ተመልሶ ሊረጋ ይገባል። እየተጎተተ የሚመጣ ከሆነ ጌይኑ አንሷል፤ ቀጫጭን ጉድጓዶች ይሸረፋሉ፣ ቦታቸውንም ይለቃሉ። ከተንቀጠቀጠ በዝቷል። ጌይኑ ልክ ሆኖም ስካኑ (ሞገዶቹን የማሰሱ ጉዞ) ከፈጠነ ሚዶው ስለማይደርስ ያው ጥፋት ይመጣል፤ ለቁም ነገር ዘገምተኛውን ስካን ተጠቀም። ደግሞ የጀርባውን ሰሌዳ ሳታነብ አትሰካው። ለ60 ኸርዝ የተሠራ ከሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ሞተሮቹ ይዘገያሉ፤ የ12 ደቂቃው ስካን ከ14 ደቂቃ በላይ ይወስዳል።

ለመጀመሪያ ናሙና ከቡና ያወጣችሁትን ካፌይን እመርጥልሃለሁ። 1 ሚሊግራም ያህሉን በአጌት (በጠንካራ ድንጋይ) ሙቀጫ ብቻውን ፍጨው፤ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እስኪያብለጨልጭ ድረስ። ከዚያ በ110 ዲግሪ የደረቀ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ፖታሲየም ብሮማይድ የሚባለውን ጨው ጨምረህ ቶሎ አዋህደው፤ ጨው ላይ ከተቆየ እርጥበት ይስባል። በ13 ሚሊሜትር ዳይ (የዲስክ መጭመቂያ ቅርጽ) ውስጥ አየሩን 2 ደቂቃ ምጠጥ፤ ከዚያ ከ8 እስከ 10 ቶን ጫንበት። ዲስኩ ፊደል የሚያስነብብ ጥርት ያለ መሆን አለበት። ፍጨቱ ሻካራ ከሆነ መስመሩ 4000 አጠገብ ዝቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ቀኝ ይወጣል፤ ጉድጓዶቹም አንድ ጎናቸው ያጋድላል።

ካፌይንን የመረጥኩት ለነሐሴ ነው። ኦኤችም (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ትስስር) ኤንኤችም (የናይትሮጅንና የሃይድሮጅን ትስስር) የለውም፤ ስለዚህ 3400 ላይ ሰፊ ጉድጓድ ካየህ ያ ውኃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጨውህ የገባ። ያው ውኃ 1640 ላይም አለ፤ 1700 እና 1660 አካባቢ ካሉት የካፌይኑ የካርቦኒል (የካርቦንና የኦክስጅን ትስስር) ጉድጓዶች ጎን ተለጥፎ ተማሪውን ያሳስተዋል።

ይህ ክረምት ብርሃኑ የሚያልፍባቸው፣ ከጨው የተሠሩት መስኮቶችና ፕሪዝም ጠላት ነው። መሣሪያውን ማታ አታጥፋው፤ ሙቀቱ ራሱ እርጥበቱን ያባርራል። እርጥበት የሚመጠው ሲሊካ ጄል ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ሲለወጥ በምድጃ አድርቀው። መስኮቱን በጠርዙ ብቻ ያዝ፤ የጣት ላብ ያደበዝዘዋል። ሲታጠብም በደረቅ ክሎሮፎርም እንጂ በተራ አልኮል አይሁን፤ ውስጡ ውኃ አለ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ጠብቅና ጉድጓዶቹ የት እንደሚያርፉ አስቀድሞ የታወቀውን የፖሊስታይሪን (የፕላስቲክ) ፊልም አስነብብ፦ 2850፣ 1601፣ 1028፣ 907። ሁሉም በእኩል ከተዛነፉ የተንሸራተተው ወረቀቱ ነው፤ መልሰህ አስተካክለው። አንዱ ብዙ ሌላው ትንሽ ከተዛነፈ ግን ፕሪዝሙ ገና አልሞቀም፤ ጨው ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን በሙቀት ይለዋወጣል። አሁንም ጠብቅ።

ፊልሙ ከመሣሪያው ጋር ካልመጣ እኔ ጋ ትርፍ አለ። ዝናቡ ጋብ ሲል ይዤልህ እመጣለሁ፤ የጌይኑንም ፈተና አብረን እናየዋለን።

ወንድምህ