ለደንበኞቻችን፦ «ከፍተኛ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ውድ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ከረማችሁ? ወደ ምሥራቁ በረሃ ወርደን ማዕድን ሊኖርበት የሚችል ቦታ እንድናይላችሁ የምትጠይቁን ሰሞኑን በዝታችኋል። ደስ ይለናል። ግን ሳንግባባ ከብታችሁን ሸጣችሁ እንዳትመጡ ፈርተን ይህን ጻፍን።

ሪፖርታችን ላይ «ከፍተኛ» የሚል ቃል ስታዩ ማዕድኑ ተገኘ ማለት አይደለም። የድንጋዩ ዓይነት፣ ስንጥቁ፣ በአካባቢው የታየው ምልክት ያንን ማዕድን ሊይዝ ይችላል ማለት ነው። ምን ያህል አለ፣ ያዋጣል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ቁፋሮ ነው። ቁፋሮ ደግሞ ውድ ነው።

ደረጃ አሰጣጡን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ሰው ያልሰፈረባቸውን ዱርና በረሃዎች የሚጠብቅ ሕግ አወጡ። የሚከለሉት ቦታዎች ምን ማዕድን እንዳላቸው መታወቅ ስለነበረበት፣ የካሊፎርኒያን በረሃ ጨምሮ ብዙ ቦታ ተጠና። ውጤቱ በሁለት ምልክት ይጻፋል። አንዱ ዕምቅ ሀብቱ ከፍተኛ፣ መካከለኛ ወይም ዝቅተኛ መሆኑን ይናገራል። ሌላው አጥኚው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ያሳያል። እኛ እርግጠኝነቱን ከሀ (ትንሹ) እስከ መ (ትልቁ) እንጽፋለን። «ከፍተኛ፣ ለ» ካያችሁ ፍንጭ አለ፣ ማስረጃው ግን ገና ስስ ነው። «ዝቅተኛ፣ መ» ካያችሁ ቁርጡ ታውቋል። እንደሚያስከፋችሁ እናውቃለን። አብሽሩ፤ ገንዘባችሁን ያዳነላችሁ እሱ ነው።

በረሃ ለሥራችን ደግም ክፉም ነው። አፈርና ቅጠል ስለማይሸፍነው የዛገ ብረትና ወደ ሸክላነት የተለወጠ ድንጋይ በሳተላይት ምስል ይለያል። ግን ነፋስ ከሩቅ ያመጣው አሸዋ ደረቁን ወንዝ ይሞላዋል። ያንን ብናኝ ብናስመረምር የሌላ ቦታ አፈር ነው የምናስመረምረው። ስለዚህ በወንፊት ነፍተን ሻካራውን እንወስዳለን። ድንጋዩም ላዩ ጥቁር ቅባት የተቀባ ይመስላል፤ በመዶሻ ካልተፈለጠ መልኩ ያታልላል። ጥናቱ ጊዜ የሚወስደው ለዚህ ነው።

የወሎዋን ደላንታን አስቡ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ወገል ጤና ከተማ አጠገብ ኦፓል የሚባለው የጌጥ ድንጋይ ሲገኝ ተራራው ሁሉ ኦፓል አልነበረም። በወፍራሙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መሃል የያዘችው አንዲት ቀጭን ንጣፍ ናት። ወጣቶቻችን ገደል ላይ ዋሻ የሚቆፍሩት እሷን ተከትለው ነው፤ በናዳ የቀሩም አሉ። ንጣፏ ባለችበት ሁሉ እንኳ ኦፓል አይገኝም። «ደላንታ ከተገኘ ቆላውም አያጣም» የምትሉን ወዳጆች ይህን ያዙልን።

ናሙና ስታመጡ ያማረውን ብቻ አትልቀሙ። ያማረችው ድንጋይ ላብራቶሪ ገብታ ጥሩ ቁጥር ታወጣለች፤ ተራራው ግን እሷን አይመስልም። ከጎኗ ያለውን ተራ ድንጋይም አምጡ። በየፌስታሉ ለይታችሁ የት እንዳነሳችሁት ጻፉ። ከወንዝ ከሆነ የትኛው ገባር አፍ ላይ እንደነበር ንገሩን፤ ወደ ላይ የምንከተለው እሱን ነው።

ከመውረዳችን በፊት ደግሞ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አነጋግሩልን። ቦታው የግመልና የፍየል ግጦሻቸው ነው። ውሃ የት እንዳለም የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ቢሯችን ኮምቦልቻ ነው። ድንጋያችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ለማየት አናስከፍልም።

ከአክብሮት ጋር