ግማሽ ዙርባ ለምን በቃህ?

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ደህና ነን። በሶና ዳቦ ቆሎ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይደርስሃል።

እህትህን አትቆጣት፤ አፋጥጬ ጠይቄያት ነው የነገረችኝ። ከዩኒቨርሲቲው ካፌ ወጥተህ ኖን ካፌ ከሆንክ ወዲህ ምሳ እንደምትዘል፣ «ባዶ ሆዴን ጫት ስቅም ቶሎ እመረቅናለሁ፣ ግማሽ ዙርባ ይበቃኛል» እንዳልካት ሰማሁ። ብዕር ያነሳሁት ልቆጣህ ነበር። ግን ያስተዋልከው ነገር እውነት ሆኖብኝ ቁጣዬ በረደ፤ የባዮሎጂ አስተማሪነት አመል አይለቅም።

አንተ ሆድ ባዶ ሲሆን ቶሎ ደም ውስጥ ይገባል ብለህ ይሆናል። ኒው ዮርክ ውስጥ ኬኔት ካር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተመው ጥናት ግን ሌላ ነገር ያሳያል። አምፌታሚንን፣ ጫት ውስጥ ያለው አነቃቂ ንጥረ ነገር የካቲኖን የቅርብ ዘመድ ማለት ነው፣ በቀጥታ አይጦች አንጎል ውስጥ ከተቱት። ጨጓራ የለበትም። እንዲያም ሆኖ ምግብ የተቀነሰባቸው አይጦች ላይ ያው መጠን ከጠገቡት ይልቅ በረታ። የተለወጠው አንጎላቸው ነበር።

ስትከሳ ከስብ የሚመጣው የጥጋብ ሆርሞን ሌፕቲን ይወርዳል፣ ከጨጓራ የሚመጣው የረሃብ ሆርሞን ግሬሊን ይጨምራል። ሌፕቲን፣ ፍላጎት የሚቀሰቅሰውን ዶፓሚን የሚለቁትን የአንጎል ሕዋሳት ረገብ የሚያደርግ ልጓም ነው፤ ሲጎድል ልጓሙ ይላላል። ለተራበ አውሬ ደግ ነገር ነው፤ ነቅቶ እህል እንዲፈልግ ያደርገዋል። አንተ ዘንድ ግን ለእህል በተከፈተው በር ጫቱ ቀድሞ ይገባል። እሱ ደግሞ ምግብ ይዘጋል። ሳትበላ ትቅማለህ፣ ቅመህ አትበላም፤ እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው እንጂ ዙርባው አይደለም።

ሰው ላይም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪው አንሰል ኪስ 36 ፈቃደኛ ወንዶችን ሰብስቦ ለስድስት ወር ምግባቸውን በግማሽ ገደማ ቀነሰባቸው። ቡና አበዙ፤ በቀን ከዘጠኝ ስኒ እንዳያልፉ መከልከል ግድ ሆነ። በቀን እስከ አርባ ፓኬት ማስቲካ ያኘከ ነበር። አጭሰው የማያውቁ ማጨስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ማሪሊን ካሮልና ባልደረቦቿ ምግብ የተነፈጉ አይጦች ዕፅ አብዝተው እንደሚወስዱ አሳተሙ። አባትህ ገጠር ሲያስተምር ደመወዝ በዘገየ ቁጥር ሲጋራው የሚጨምረው ከብስጭት ይመስለኝ ነበር። በየወሩ መጨረሻ ራቱ ቆሎ እንደነበር ያሰብኩት ገና አሁን ነው።

«ከፋይናል በኋላ አቆማለሁ» ማለትህንም ሰምቻለሁ። ይሁን፣ ግን በረሃብ አትጀምረው። ሄሮይን የለመዱ አይጦች፣ ዕፁን ይሰጣቸው የነበረውን መጫኛ ቢጫኑም ምንም እንደማያገኙ አውቀው ከተዉት በኋላ፣ አንድ ሁለት ቀን ሲራቡ ተመልሰው መጫን ጀምረዋል። ሐራራው ሲነሳብህ ወኔ አጣሁ ብለህ ራስህን ከመውቀስህ በፊት መጨረሻ የበላኸው መቼ እንደሆነ አስብ።

ወደ ካፌ ተመለስ። ሽሮው ቀጭን ነው ትለኛለህ፣ አውቃለሁ፤ እኛም በልተነዋል። ዳቦ ቆሎውን ለዶርም ልጆች አካፍል። በሶው ያንተ ነው፤ ጠዋት ከክፍል በፊት በስኳር በጥብጠህ ጠጣ፣ ሲያልቅም ደውልልኝ።

እናትህ