የቻይናውያን አባባል ከነታሪኩ ይቅረብልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጦች የጥበብ ዓምድም ሆነ በየስብሰባው ንግግር «ቻይናውያን እንዲህ ይላሉ» ብሎ አንድ መስመር ጠቅሶ ማለፍ የተለመደ ሆኗል። መጠቀሱን አልቃወምም፤ የምቃወመው አባባሉ ከወጣበት ታሪክ ተነጥሎ መቅረቡን ነው። ቻይናውያን ቼንግዩ የሚሏቸው አባባሎች አብዛኞቹ ባለ አራት ፊደል ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ አንድን ጥንታዊ ታሪክ ጠቅልለው የያዙ በመሆናቸው ታሪኩን ያልሰማ አንባቢ መልእክቱን ሊስተው፣ አንዳንዴም ጨርሶ ሊገለብጠው ይችላል።

«ዋንግ ያንግ ቡ ላኦ» የሚለውን እንውሰድ፤ በጉ ከጠፋ በኋላ በረቱን መጠገን ማለት ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ጊዜው ካለፈ በኋላ በሚነሣ ሰው ላይ የተሰነዘረ ትችት አድርጎ ቢወስደው አይፈረድበትም። ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ጁዋንግ ሺን የተባለ፣ በጥንታዊት ቻይና ከነበሩት መንግሥታት የአንዱ የቹ ሹም፣ ንጉሡ ከባለሟሎቹ ጋር በተድላ ተጠምዶ አገሪቱን ለውድቀት እየዳረጋት መሆኑን ፊት ለፊት ቢነግረው፣ ንጉሡ «ጃጅተሃል ወይስ በቹ ላይ ታሟርታለህ?» ብሎ አጣጣለው። ሹሙም ጃኦ ወደተባለው መንግሥት ሄደ። ብዙም ሳይቆይ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ278 ዓመት፣ ተቀናቃኙ የቺን መንግሥት ጦር የቹን ዋና ከተማ ዪንግን ያዘ። የሸሸው ንጉሥ ሹሙን አስጠርቶ ምክሩን ባለመስማቱ ለዚህ እንደበቃ ገልጾ መላ ጠየቀው። ጁዋንግ ሺንም ጥንቸሏን ካየ በኋላ ውሻውን የጠራ አልዘገየም፣ በጉ ከጠፋ በኋላ በረቱን ያደሰም አልዘገየም የሚለውን የሕዝብ አባባል ጠቀሰለትና፣ የቹ ግዛት ቢጠብም የቀረው መሬት አሁንም ሰፊ መሆኑን አስረዳው። አባባሉ እንግዲህ የወደቀን ሰው የሚያበረታ እንጂ የሚነቅፍ አይደለም።

ሶንግ በተባለው ሌላው ጥንታዊ የቻይና መንግሥት ይኖር ነበር የሚባለው ገበሬ ታሪክም እንዲሁ ግማሹ ይቀራል። ቡቃያው አላድግ ቢለው አንድ በአንድ ወደ ላይ ሳበውና ደክሞት ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ቡቃያውን እንዲያድግ ረዳሁት» አለ፤ ልጁ ሮጦ ሄዶ ቢያይ ጠውልጓል። እኛ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለን እንዘጋዋለን። ታሪኩን የተናገረው ፈላስፋ ሜንግዚ ግን መንከባከቡ ጥቅም የለውም ብሎ የሚተወውንም ሰው አረሙን እንደማያርም ገበሬ ቆጥሮ ወቅሶታል። ልጅ ለሚያሳድግና ተማሪ ለሚያስተምር ሁሉ ይህ ሁለተኛው ተግሣጽ ከመጀመሪያው የማያንስ ይመስለኛል፤ ሲጠቀስ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ቻይናዊ ያልሆነውም በቻይና ስም ይቀርባል። አንድ ሥዕል ከዐሥር ሺህ ቃላት ይበልጣል የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1927 የቻይናውያን ምሳሌ ነው ብሎ ያሳተመው ፍሬድ ባርናርድ የተባለ አሜሪካዊ የማስታወቂያ ባለሙያ ነበር።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ እንዲህ ያለ አባባል ሲያትም በማን፣ መቼና በምን ምክንያት እንደተነገረ በሁለት በሦስት ዓረፍተ ነገር እንዲያክልበት፣ ምንጩ ካልተገኘም «የቻይናውያን» የሚለውን እንዲተወው በአክብሮት እጠይቃለሁ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኮንፊሺየስ ተቋምና በሌሎችም ቦታዎች ቻይንኛ የተማሩ ወጣቶች ስላሉን፣ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የመጣውን ከመቅዳት ይልቅ ከምንጩ እንዲያመሳክሩ ሥራው ቢሰጣቸው በደስታ እንደሚሠሩት አልጠራጠርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ