ያቺ የጫማ ካርቶን

ልጄ፣

ባለፈው ስትመጪ ከመደርደሪያው ያወረድሻትን የጫማ ካርቶን ታስታውሻለሽ አይደል? ክዳኑን ከፍተሽ «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው? ካርታ ነው እንዴ?» አልሽኝ። እኔም «ተይው፣ የድሮ ጨዋታ ነው» ብዬ ዘጋሁሽ። ከሄድሽ በኋላ ቆጨኝ። ካርቶኗን አውርጄ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳት፣ አንድ በአንድ ሳገላብጥ አመሸሁ። እናትሽ «ዛሬ ደግሞ ልጅነትህ ተነሳብህ» እያለች ስትስቅብኝ ነበር።

ጨዋታው ኔትራነር የሚባል የካርድ ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የወጣው። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ነው፤ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን ታዋቂ የካርድ ጨዋታ የፈጠረው ያው ሰውዬ። ማጂክ 3 ዓመት ቀድሞት ወጥቶ ዛሬም ድረስ ይሸጣል። ኔትራነርን ግን ለእኩዮችሽ ብትጠሪላቸው የኢንተርኔት ዕቃ ነው የሚመስላቸው። ዓለሙን ሳታውቂው አትቀሪም፤ ሳይበርፐንክ 2077 የሚባለው የቪዲዮ ጌም ያለበት ዓለም ነው። ያኔ ጌሙ ገና አልተሠራም። በወረቀትና በዳይስ የሚጫወቱት ሳይበርፐንክ 2020 ነበር፣ ታሪኩ የተወሰደው ከሱ ነው።

የካርዶቹ ጀርባ ሁለት ዓይነት መሆኑን አይተሻል? እኔን የያዘኝ እሱ ነው። ብዙ ጊዜ በካርድ ጨዋታ ሁለቱም ተጫዋቾች አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። እዚህ ግን አንዱ ትልቅ ኩባንያ ነው፣ ሌላው ሀከር። ኩባንያው አጀንዳ የሚባሉ ሚስጥራዊ ዕቅዶች አሉት፤ ደብቆ ከዳር ማድረስ አለበት። ሀከሩ ደግሞ ሰብሮ ገብቶ ይሰርቃቸዋል። ቀድሞ 7 ነጥብ የሞላ አሸነፈ። ኩባንያው በተራው 3 ነገር ይሠራል፣ ሀከሩ 4። የአንዱ ካርድ ለሌላው አይሆንም። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጨዋታ ነው በይው።

ኩባንያውን ስትይዢ ደግሞ የኔ የምትይው አስተማማኝ ቦታ የለሽም። በእጅሽ ያለው ካርድ ይዘረፋል። ገና ያልሳብሽው ክምር ይዘረፋል። የጣልሽው እንኳ ይበረበራል። ስለዚህ በየቦታው ፊት አይስ የሚባሉ መከላከያዎችን ትደረድሪያለሽ፤ ግንብ አለ፣ በኮድ የሚከፈት በር አለ፣ ዘብ አለ። ሁሉም ተደፍተው ነው የሚቀመጡት። ዋጋቸውን የምትከፍይው ሀከሩ ሲመጣ ገልጠሽ ስታሳዪው ነው። ገንዘብ ከሌለሽ ያ የተደፋ ካርድ ባዶ ማስፈራሪያ ነው። ሀከሩ ይህን ስለሚያውቅ ዓይኑ ከገንዘብሽ ላይ አይነሳም። ካርቶኗ ውስጥ ያየሻቸው የሸሚዝ ቁልፎች ገንዘባችን ነበሩ።

አብሮኝ የሚጫወት አንድ ጓደኛ ነበረኝ። እሱ ሁልጊዜ ኩባንያ፣ እኔ ሁልጊዜ ሀከር። አንድ ማታ 6 ነጥብ ይዣለሁ፤ አንዲት አጀንዳ ብቻ ነው የቀረችኝ። እሱ አንድ ካርድ ደፍቶ አስቀመጠ። አንድ ቁልፍ ጫነበት። ሁለተኛ ጫነበት። አጀንዳ ሲገፋ ልክ እንደዚህ ነው የሚደረገው። ቀና ብዬ ፊቱን አየሁት፤ ጆሮውን እያከከ ነው። ጓደኛዬ ሲጨንቀው ጆሮውን እንደሚያክ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አውቃለሁ። በቃ፣ አገኘሁት አልኩ። ፊት ለፊቱ ያለውን ግንብ ባለኝ ገንዘብ ሁሉ ሰብሬ ገባሁ።

ወጥመድ ነበር። ሀከር ጉዳት ሲደርስበት በጉዳቱ ልክ ከእጁ ካርድ ይጥላል። የሚጥለው ካነሰው ሞቷል፣ ጨዋታው ያኔውኑ ያልቃል። እጄ ላይ የቀረችው አንዲት ካርድ ነበረች። ጓደኛዬ አልሳቀም፣ ቁልፎቹን መልቀም ጀመረ። ጆሮውን ያከከው ሆን ብሎ መሆኑን የነገረኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ያን ቀን ለመሸወድ ስንት ሳምንት ሲያክልኝ እንደከረመ አስቢው!

ታዲያ እንዲህ ያለ ጨዋታ ለምን ተረሳ? እኔን ከጠየቅሽኝ፣ መጀመሪያ ነገር ካርዶቹ በዘመኑ ልማድ በታሸገ እሽግ ነበር የሚሸጡት፤ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቂ ትገዣለሽ። በዚያ ላይ ለሁለቱም ወገን መሰብሰብ አለብሽ። ለጀማሪም ቀላል አልነበረም፤ የኩባንያው እጅ «ዋና መሥሪያ ቤት» ነው፣ ክምሩ «ምርምርና ልማት» ነው፣ የተጣለው «መዝገብ ቤት» ነው። እስክትለምጂው ድረስ ራስ ያዞራል። የሰዉም ገንዘብ ቀድሞ ማጂክ ላይ አልቋል። በዚያው በ1996 ፕሮቲየስ የሚባል ተጨማሪ የካርድ ስብስብ ወጣ። ከዚያ ዝም። በ1999 ክላሲክ የተባሉ 52 ካርዶች መጡና በዚያው ቀረ።

እ.ኤ.አ. በ2012 ፋንታሲ ፍላይት የሚባል አሳታሚ አንድሮይድ፡ ኔትራነር ብሎ መልሶ አወጣው። ታሪኩን ወደ ሌላ ዓለም አዛወረው፣ የእሽጉንም ሎተሪ አስቀረው፤ በእያንዳንዱ እሽግ ውስጥ ያለው የታወቀ ሆነ። ብዙ ሰው የሚያውቀው ይህኛውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ጨዋታውን የማሳተም ፈቃዱ ሲያበቃ እሱም ቆመ። የሚገርመው ተጫዋቾቹ እንቢ አሉ። ራሳቸው ተሰባስበው አዳዲስ ካርድ መሥራት ቀጠሉ፤ አሁን ነል ሲግናል ጌምስ ይባላሉ። እና ጨዋታው አለ። የተረሳው የኔ ካርቶን ውስጥ ያለው ነው።

እኔና ጓደኛዬ ተኳርፈን አይደለም የተውነው። ሥራ መጣ፣ ቤት መቀየር መጣ፣ «በሚቀጥለው ሳምንት» መባባል መጣ። ካርዶቹን እሱ ነው «አንተ ጋ ይቀመጡ» ያለኝ።

ኩባንያውን አንድ ሁለቴ ሞክሬዋለሁ፣ አልሆነልኝም። ፊቴ ያሳብቅብኛል። አንቺ ግን የእናትሽን ብርጭቆ ሰብረሽ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም እንዳልተፈጠረ ቁጭ ብለሽ የቤት ሥራ ስትሠሪ የነበርሽ ልጅ ነሽ። 7 ዓመትሽ ነበር። ድመቷ ናት ብለን ነበር እኮ።

ስለዚህ ስትመጪ ኩባንያውን አንቺ ትይዣለሽ። ካርዶቹን ለይቻቸዋለሁ፤ ለየወገኑ ቢያንስ 45 ነው የሚያስፈልገው፣ ሞልቷል። ያረጁትን ፕላስቲክ አልብሻቸዋለሁ። ቁልፎቹን ቆጠርኳቸው፣ 31 ናቸው። ለሁለት ሰው ያንሳሉ። ትርፍ ቁልፍ ካለሽ ይዘሽ ነይ።

አባትሽ