ይድረስ ለወንድሜ፦ ስለ ታናሽህ ትምህርትና ስለ ሁለት ዓይነት ዕዳ

ደሴ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህና ለምወድህ ወንድሜ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔና ቤተሰቤ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስድስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ሳለ አንተ ቀድመህ በእህትህ ልጅ እጅ ከሰመራ የላክህልኝ ማስታወሻ ሲደርሰኝ፣ ደስታዬና ሐፍረቴ እኩል ነበሩ። የዝምታዬን ምክንያት ወደ ታች እነግርሃለሁ፤ አስቀድሜ ግን የጠየቅኸኝን ልመልስ፣ ምዝገባው ሊዘጋ የቀሩት ጥቂት ቀናት ናቸውና።

ታናሽ ወንድምህ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመድቦ ሳለ፣ ገና ሥራ ሳይዝ ኮስት ሼሪንግ የሚሉትን የመንግሥት የወጪ መጋራት ዕዳ እንዳይሸከም ብለህ፣ ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችሁ ተበድረህ እዚሁ በግል ኮሌጅ አካውንቲንግ ልታስተምረው እንዳሰብህ ጽፈሃል። በላክህልኝ ሂሳብ ክፍያው በዓመት 24,000 ብር፣ በአራት ዓመት 96,000 ብር ይሆናል። ወንድሜ ሆይ፣ ቀለል ካለው ዕዳ ሸሽተህ ወደ ከበደው እየገባህ ይመስለኛል።

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የሚጋራው ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን ሲሆን፣ የምግቡንና የመኝታውን ግን ሙሉውን ነው፤ የራሴን ውል ስመለከተው ከዕዳዬ አብዛኛውን የበላሁት በካፌ ሽሮ ነው ብል አልዋሸሁም። ስመረቅ በውሌ ላይ የሰፈረው 11,400 ብር ነበር። የመጀመሪያ ደመወዜ 1,900 ብር ስለነበረ አሠሪዬ 10 በመቶውን፣ ማለትም 190 ብር በየወሩ እየቆረጠ ያስገባ ነበር፤ ደመወዜ ባለበት ቢቆም 60 ወር ይፈጅ የነበረው፣ ጭማሪ በመምጣቱ በአራት ዓመት አለቀ። እኔ ግን መጠኑን ትተህ ጠባዩን እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ከተመረቅሁ በኋላ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥሁባቸው 14 ወራት ማንም መጥቶ ክፈል አላለኝም፤ ገቢ ሲኖር ይቆረጣል፣ ገቢ ሲጠፋ ይጠብቃል። የማኅበር ብድር እንዲህ ያለ ትዕግሥት የለውም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የምሠራበት ፋብሪካ ሲዘጋ፣ ለሚስቱ የኮሌጅ ክፍያ የተበደረ ባልደረባዬ ደመወዙ ተቋርጦ ወለዱ ግን ሳይቋረጥ ቆይቶት፣ ዋሶቹን በመንገድ ሲያይ እስኪሸሽ ድረስ ተቸግሮ ነበር።

የመንግሥቱ ዕዳ እንከን የለበትም አልልህም። ተከፍሎ እስኪያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪው አይሰጥም፤ ልጆቹ ቴምፖ በሚሉት ጊዜያዊ ወረቀት ነው ሥራ የሚፈለገው። እኔም በአንድ መሥሪያ ቤት ፈተናውን አልፌ «ኦሪጅናሉን አምጣ» ተብዬ ቀርቼአለሁ፤ ያ ቀን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ደግሞም ወንድምህ ዩኒቨርሲቲ ስለገባ ብቻ አካውንቲንግ ይደርሰዋል ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ይወስናል፣ ይህን አስቀድመህ ንገረው።

ወደ ገቢው ልምጣ። ባለፈው ወር በእኛ የሂሳብ ክፍል አንድ ጀማሪ በ9,000 ብር ተቀጥሯል። ከሐምሌ 2017 ወዲህ በሚሠራበት የግብር ሕግ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነጻ ሆኖ፣ ከቀሪው 1,400 ብር ግብር ይቆረጥበታል፤ ጡረታው 7 በመቶ 630 ብር ነው፤ እጁ የሚገባው 6,970 ብር ይሆናል። ኮስት ሼሪንግ ካለበት 900 ብር ተቀንሶ 6,070 ይቀረዋል። ያንተ 96,000 ብር ግን ያለ ወለድ እንኳ በአራት ዓመት ቢከፈል በወር 2,000 ብር ነው፤ ያውም ክፍያው የሚጀምረው ልጁ ገና ዴቢትና ክሬዲት ሳይለይ ነው። የቤት ኪራይና በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ መውጫ የታክሲ ሂሳብ ሲጨመርበት፣ የጀማሪ ደመወዝ ይህን አይችልም።

በእኛ ሙያ ገንዘቡ ዘግይቶ የሚመጣ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተናውን 50 በመቶ አምጥቶ ማለፍ ግድ ሆኗል፤ የግልም የመንግሥትም ተማሪ እኩል ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ያለው ማስታወቂያ ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። እኔ ትንሽ ቀና ያልሁት ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ መሥሪያ የኮምፒውተር ፕሮግራም በደንብ ለምጄ፣ ግብር በሚከፈልበት ወቅት ማታ ማታ የፒያሳ ነጋዴዎችን ሂሳብ መዝጋት ከጀመርሁ በኋላ ነው፤ አንዳንድ ዓመት ያ የማታ ሥራ ከሁለት ወር ደመወዜ በልጧል። ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫም አስቤ ነበር፤ ፈተናዎቹ 13፣ ክፍያቸውም በፓውንድ መሆኑን ሳውቅ፣ በተለይ ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ተውሁት።

አሁን ስለ ዝምታዬ። በ2006 ዓ.ም. ዲግሪዬን ይዤ ቤት ስቀመጥ፣ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወጥተህ በአይሱዙ ረዳትነት ካጠራቀምኸው ላይ 1,800 ብር ሰጠኸኝ። ውል አልተጻፈም፣ ዋስ አልተጠራም። ሥራ ስይዝ እመልሳለሁ አልሁ፤ ሥራ ይዤም አንዴ ኪራይ፣ አንዴ ሠርግ እያልሁ አዘገየሁት፤ በኋላም አፍሬ ስልክህን ማንሳት ተውሁ። የመንግሥቱ ዕዳ ያለቀው ሳይጠይቁኝ ስለቆረጡት እንጂ እኔ ጨዋ ከፋይ ሆኜ እንዳልነበረ የገባኝ ያኔ ነው።

ያ ገንዘብ በጊዜው አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝቶልናል። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ገበያ ወርጄ የኩንታሉን የዛሬ ዋጋ ጠየቅሁና፣ የሂሳብ ቁጥርህን ከእህትህ ልጅ ተቀብዬ ያንኑ ያህል አስገብቼልሃለሁ። በሙያዬ ደንብ ከሆነ በመነሻ ዋጋው 1,800 ብር ብዬ መመዝገብ በቻልሁ ነበር፤ ያንተን እንደዚያ አልመዘግበውም። ደረሰኙ ከዚህ ጋር አለ።

የወሰንኸውን እስከ ዓርብ አሳውቀኝ። ዩኒቨርሲቲ ይሂድ ካልህ፣ ክረምት ክረምት እኔ ቤት እየመጣ ፒችትሪውን ይለማመዳል።

ወንድምህ