ሶዲየምን ለማስተካከል መጣደፍ አንጎልን ይጎዳል

ክቡር አዘጋጅ፣

በጤና ዓምዳችሁ በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም (የጨው ንጥረ ነገር) ማነሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው። ጽሑፉ ግን ሕክምናው ራሱ ሊያስከትል የሚችለውን ጉዳት ዘሎታል፤ እኔን በሥራዬ የሚያስጨንቀኝም ይኸው ነው።

በደም ውስጥ ያለው ሶዲየም በጤነኛ ሰው ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል በሊትር ነው። ከ48 ሰዓት በላይ ዝቅ ብሎ ሲቆይ፣ የአንጎል ሕዋሳት እንዳያብጡ በውስጣቸው ያለውን ንጥረ ነገር አስወጥተው ይለምዱታል። ያስወጡትን ለመተካት ቀናት ይፈጅባቸዋል። ሶዲየሙ በሰዓታት ውስጥ ሽቅብ ከወጣ ውኃ ከሕዋሳቱ ይሸሻል፤ የነርቭ ክሮችን የሚሸፍነው ማይሊንም ይጎዳል፣ በተለይ ፖንስ በሚባለው የአንጎል ግንድ ክፍል። ይህ ጉዳት በሕክምና ጽሑፍ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው፤ አዲስ ነገር አይደለም።

አሳሳችነቱ ከባድ ነው። ታማሚው መጀመሪያ ይነቃል፣ ያወራል፣ ቤተሰቡም እፎይ ይላል። ከጥቂት ቀናት በኋላ አንደበቱ ይተሳሰራል፣ ምራቁን መዋጥ ያቅተዋል፣ እጅና እግሩ ይዝላል። ሁሉን እየሰማ ዓይኑን ብቻ የሚያንቀሳቅስም አለ። የኤምአርአይ ምስል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላያሳይ ይችላል።

አብዝቼ የምፈራው ሽንትን ነው። በትውከትና በተቅማጥ ፈሳሽ ያለቀበት ሰው በደም ሥሩ ፈሳሽ ሲሰጠው፣ ውኃ እንዳይወጣ ይዞ የነበረው ሆርሞን ይቀንሳል። ኩላሊቱ ውኃ የበዛበት ቀጭን ሽንት ያፈስሳል፤ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየምም ማንም ሳይነካው ከፍ ይላል። ስለዚህ የሽንት ከረጢቱ በውኃ መሰል ሽንት ቶሎ ቶሎ ሲሞላ ያየች ነርስ ሌሊትም ቢሆን ሐኪሙን ትቀስቅስ፣ ሶዲየሙም ወዲያው ይለካ። ፖታሲየም መስጠትም ሶዲየምን ከፍ ያደርጋልና ከስሌቱ አይቅር።

ሶዲየም በማነሱ እንደሚጥል በሽታ የሚያንቀጠቅጠው ታማሚ ጉዳይ ሌላ ነው፤ እሱ ጨው የበዛበት ፈሳሽ በፍጥነት ያስፈልገዋል። ለእሱም ቢሆን ከ4 እስከ 6 ሚሊሞል ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። የአልኮል ጥገኝነት፣ የጉበት በሽታ፣ የምግብ እጥረት ወይም የፖታሲየም ማነስ ያለበት ሰው ሶዲየሙ በ24 ሰዓት ከ8 ሚሊሞል በላይ ባይጨምር ይመረጣል። ካለፈም እጅ አጣጥፎ መቀመጥ አይገባም፤ ዴስሞፕረሲን በተባለው፣ እንደዚያ ሆርሞን ውኃ በሽንት እንዳይወጣ በሚይዝ መድኃኒትና ጨው በሌለው የስኳር ፈሳሽ መልሶ ዝቅ ማድረግ ይቻላል፣ ምልክቱ ሳይታይ በጊዜ ከተደረሰበት።

የውስጥ ደዌ ሐኪም