የጆሽ ጊብሰን ስም ከክብረ ወሰን ዝርዝሩ አይጉደል

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአሜሪካ የስፖርት ታሪክ የተመዘገቡ ታላላቅ ክብረ ወሰኖችን ዘርዝራችሁ ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። በቤዝቦል ረድፍ ላይ በሕይወት ዘመን የምት አማካይ (ተጫዋቹ ኳስ ለመምታት ከሞከረባቸው ተራዎች የተሳካለት ድርሻ) የአንደኝነቱን ስፍራ የሰጣችሁት ግን ለነጩ ተጫዋች ለታይ ኮብ ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ከሜይ 2024 ወዲህ ትክክል አይደለም። የአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ የሆነው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በዚያ ወር እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1948 የተካሄዱትን የጥቁሮች ሊጎች ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ሲያዋህድ፣ አንደኝነቱ በ0.372 አማካይ በእነዚያ ሊጎች ይጫወት ወደነበረው ጆሽ ጊብሰን ተሸጋግሯል፤ የኮብ 0.367 ሁለተኛ ሆኗል። ሂዩ ዳፊ በ1894 ያስመዘገበው የአንድ የውድድር ዘመን 0.440 አማካይም ጊብሰን በ1943 ባስመዘገበው 0.466 ተበልጧል።

ጊብሰን በቆዳው ቀለም ምክንያት በሜጀር ሊግ አንድም ጨዋታ እንዲጫወት አልተፈቀደለትም። ቡድኑ ሆምስቴድ ግሬይስ ብዙዎቹን ጨዋታዎች ያደርግ የነበረው ዋሽንግተን በሚገኘው ግሪፊዝ ስታዲየም ሲሆን፣ የነጮቹ ቡድን ለጨዋታ ወደ ሌላ ከተማ በሚሄድበት ጊዜ ሜዳውን እየተከራየ ይጠቀም ነበር። ስታዲየሙ ዛሬ የለም፤ በቦታው የቆመው የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው። በአካባቢው ኢትዮጵያውያን ለዓመታት ሲኖሩና ምግብ ቤት ከፍተው ሲሠሩ ቆይተዋልና፣ በዚያ ጎዳና የሚመላለሰው ወገናችን ጥቂት አይደለም። ጊብሰን በ35 ዓመቱ ያረፈው ጃንዋሪ 20 ቀን 1947 ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን በብሩክሊን ዶጀርስ ማሊያ ሜዳ ገብቶ የዘር አጥሩን የሰበረው በዚያው ዓመት ኤፕሪል 15 ቀን ነው፤ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል።

የጥቁሮች ሊጎች የውድድር ዘመን አጭር ስለነበረና የጨዋታዎቹ መዝገብ ስላልተሟላ ንጽጽሩ ፍትሐዊ አይደለም የሚሉ አሉ። ዘመኑ ያጠረው ቡድኖቹ ለመኖር ሲሉ ከሊግ ውጭ ከከተማ ከተማ እየዞሩ መጫወት ስለነበረባቸው ነው፤ የእነዚያ ጨዋታዎች ውጤት ደግሞ ለማንም አልተቆጠረም። በቤዝቦል የዝነኞች አዳራሽ የተሰቀለው የጊብሰን ሰሌዳ ወደ 800 የሚጠጋ ሆምረን (መቺው ማረፊያዎቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) እንደመታ ይናገራል፤ ይሁንና አዲሱ መዝገብ የተቀበለው በሊግ ጨዋታ የተመዘገበውንና ማስረጃ የተገኘለትን ብቻ ነው። ስለዚህ የተደረገው ችሮታ አይደለም። በሌላ በኩል ኮብ የተጫወተው ጥቁር ተጫዋች ድርሽ እንዳይል በተከለከለበት ሊግ ሆኖ ሳለ፣ የእርሱን አኃዝ በዚህ ምክንያት የሚጠራጠር አይታይም።

በዚያው ዝርዝራችሁ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሌይን በአንድ ጨዋታ ያስቆጠረውን 100 ነጥብ በተገቢው ክብር አስፍራችኋል። ማርች 2 ቀን 1962 በፔንሲልቬንያዋ ኸርሺ ከተማ ፊላደልፊያ ዋሪየርስ ኒውዮርክ ኒክስን 169 ለ147 ሲያሸንፍ የነበረው ተመልካች 4,124 ብቻ ሲሆን፣ ጨዋታው በቴሌቪዥን አልተላለፈም፤ የተቀረጸ ፊልምም የለም። በነጻ ውርወራ ደካማነቱ የሚታወቀው ቻምበርሌይን በዚያች ምሽት ከ32 ሙከራ 28ቱን ማስቆጠሩን የምናውቀው፣ ከሜዳው ዳር የተቀመጡ መዝጋቢዎች በወረቀት ስላሰፈሩት ነው። የእነርሱን ወረቀት ካመንን፣ የጊብሰንን ምቶች ቆጥረው የመዘገቡትን የማናምንበት ምክንያት አይገባኝም።

እነዚያን ምቶች ለትውልድ ያቆዩት በአብዛኛው እንደ ፒትስበርግ ኩሪየርና ቺካጎ ዲፌንደር ያሉ የጥቁሮች ጋዜጦች ናቸው። ተመራማሪዎች ለዓመታት የጋዜጦቹን አሮጌ እትሞች እየገለጡ፣ በጥቃቅን ፊደል የታተሙትን የጨዋታ ሰንጠረዦች አንድ በአንድ እያመሳከሩ፣ ከጠቅላላው መዝገብ ሦስት አራተኛ የሚጠጋውን መልሰው ለማሟላት ችለዋል። ፒትስበርግ ኩሪየር ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ ጄ.ኤ. ሮጀርስ የተባለውን ጋዜጠኛ ወደ አገራችን ልኮ ያዘገበ ጋዜጣ መሆኑንም አንባቢ ቢያውቀው መልካም ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ማስተካከያ እንድታወጡ፣ ወደፊትም ክብረ ወሰን ስትዘግቡ ከአኃዙ ጎን ዓመቱንና የተጫወተበትን ሊግ እንድትጠቅሱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት ገጻችሁ አንባቢ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ